ከኮሌታ ላይ የተለካ አየር

ልጄ፣ ካለሽበት ሰላም ይድረስሽ፤ ጉንፋንም ክፉ ሰውም አይድፈርሽ።

እኛ ደህና ነን። አያትሽ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለች። የጓዳው ቧንቧ ተጠግኗል።

በሥራ ቦታ ግን ተጣልቻለሁ። ቴርሞሜትር ፋብሪካው ውስጥ መርዛማውን የሜርኩሪ ትነት የምለካው አየር የምትስብ ትንሽ ፓምፕ በሠራተኛዋ ወገብ፣ ቱቦውን በኮሌታዋ ላይ አስሬ ነው። የምትተነፍሰው አየር የሚገኘው እዚያ ነዋ። ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ «እሜቴ ምሁር፣ ቱቦውን ንጹሕ አየር የሚያስገባው ቬንቲሌተር ሥር ስቀዪና ድገሚው» አለኝ።

«የታመመው ቬንቲሌተሩ ነው እንዴ?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቢሮዬን ቆልፎ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦኛል። ነገ እንዳለኝ ካልለካሁ ያባርረኛል።

ቱቦውን የማስርላት ሴት ሳቂታ ነው የምንላት። ከትነቱ የተነሣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይዋን የምትጠጣው ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ነው። «ተዪው እህቴ፣ በእኔ ጦስ ሥራሽን አትጪ» ትለኛለች። አልተውም። ነገም የማስረው ኮሌታዋ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለቬንቲሌተር ልመሰክር አይደለም።

የሚያባንነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተባረርኩ ለዕረፍት የምትመጪበትን ቲኬት መግዛት አልችልም። አክስትሽ ይህን ስትሰማ፣ «እናትሽን ለምኛት፣ እሺ ትበላቸው» ማለቷ አይቀርም።

ዕድሜና ልብ ይስጥሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይሁንሽ። እባክሽ የእኔ ልጅ፣ እንዳትለምኚኝ። አንቺ ከለመንሽኝ እሺ እላለሁ።

እናትሽ