ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚንኳኳው ሞተር፦ የአቶ ኖርበርት ዊርዝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኖርበርት ዊርዝ ከአባታቸው ከአቶ አሎይስ ዊርዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄድዊግ ብራንድል በሚሺጋን ግዛት፣ ዌስትፋሊያ በምትባለው መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1947 ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛው ነበሩ። የተወለዱበት ቤት ያረፉበትም ቤት ነው። ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው።

ትምህርታቸውን በደብሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው ጨረሱ። መጻፍ አይወዱም ነበር፤ ዕቃ ፈትቶ መግጠም ግን ይወዱ ነበር። በ1965 ላንሲንግ በሚገኘው የኦልድስሞቢል ፋብሪካ ተቀጥረው በር መግጠም ጀመሩ። በመካከሉ ለውትድርና ተጠርተው ሁለት ዓመት በጀርመን አገር አገልግለው ተመልሰዋል። ከዚያ ውጪ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሌላ አሠሪ አላወቁም።

በ1970 ከዚያው ፋብሪካ የወጣች ጥቁር አረንጓዴ ኦልድስሞቢል ፎር ፎር ቱ ገዙ። በዚያ ዘመን ወጣት ሁሉ የሚመኛት፣ ባለ ሁለት በር፣ ትልቅ ሞተር የተሸከመች መኪና ናት። ሞተሯ አንድ ጉድለት ነበረበት። ቀዝቅዞ ሲነሳ አንዱ ቫልቭ ይንኳኳል። ዘይት እስኪደርሰው ጠቅ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ደረት የሚያንቀጠቅጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

አመሻሽ ላይ ነፋስ ከሌለ ድምፁ ማሳውን ተሻግሮ እኛ ቤት ይደርስ ነበር። ታናሽ እህቴ ኮርዱላ ያን ጠቅታ ስትሰማ ጫማዋን ታደርጋለች። እናታችን፣ «ምን ያጣድፍሻል? ልጁ ገና ከግቢው አልወጣም» ትላታለች። ኮርዱላም፣ «ጉሮሮውን ጠርጓል፤ መጣ ማለት ነው» ትላለች። መኪናዋ በራችን ላይ ስትደርስ እሷ ደጅ ቆማለች።

በግንቦት 1972 ዛሬ በተሰበሰብንበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ተጋቡ። በ1974 ልጃቸው ማርሊስ ተወለደች። በዚያው ዓመት ነዳጅ ተወደደ፤ የማደያው ወረፋም ረዘመ። ኖርበርት ትልቁን ሞተር አውጥተው ከተገጨ መኪና የተገኘ ትንሽ ሞተር አስገቡ። ትልቁን ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጦ ላየው አላፊ ጀልባ ሠሪ ሸጡለት። ስሙን አልጠየቁትም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቅ አልነበረም። ሞተር ሞተር ነው።

ኮርዱላ አልተከራከረችም። «እንግዲህ መምጣትህን በምን ልወቅ?» ብቻ አለች። «መጥቻለሁ እኮ» አሏት፤ «ይኸው አጠገብሽ ነኝ።»

መኪናዋ ካረጀች በኋላ ጎተራ ውስጥ ገብታ ጭድ ሲወርድባት ኖረች። ኮርዱላ በ1993 በጡት ሕመም ዐረፈች። ኖርበርት ከቀብሯ በኋላ ካርታ ለመጫወት ወደ ደብሩ አዳራሽ መምጣት ተዉ። በቀጣዩ ጸደይ ጎተራውን ከፍተው መኪናዋን አወጡ።

ፋብሪካው በለቀቃት ቀን እንደነበረች ሊያደርጓት ተነሡ። በኋላ ዘመን ተመሳስሎ የተሠራ መለዋወጫ በእጃቸው አልነኩም። መስታወቱ ላይ የታተመው የተሠራበት ወር መኪናዋ ከተሠራችበት ወር መቅደም አለበት። የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ምልክት የዚያን ዘመን መሆን አለበት። አንዲት የጎማ ቱቦ ከነመጠቅለያዋ አለች ሲባል ፔንሲልቬንያ ድረስ ነድተዋል። ማርሊስ፣ «አባዬ፣ እዚህ ከተማ ትሸጣለች እኮ» ስትላቸው፣ «እሷ ቱቦ ናት፤ እኔ የምፈልገው ግን የመኪናዋን ቱቦ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰዎች መኪናቸውን ከሩቅ ያመጡላቸው ጀመር። አንድ የዲትሮይት ሰው፣ «ቀለሙን ከፋብሪካው ያማረ አድርግልኝ» አላቸው። «እኔ ፋብሪካው ውስጥ ነበርኩ» አሉት፤ «ያን ያህል አላማረም።» ከበሩ ሥር ቀለሙ ሳስቶ የወጣ ከሆነ አሳስተው ይቀቡታል። ፋብሪካው የተሳሳተውን መልሰው ይሳሳቱለታል፤ የራሳቸውን ስህተት ግን አይጨምሩበትም።

የራሳቸው መኪና ግን ሞተር አልነበራትም። ትንሹን አውጥተው ጥለውታል። በ1970 የመኪናው ቁጥር ሞተሩም ላይ ይቀረጽ ስለነበር፣ የእሷ የሚባለው ሞተር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ኖርበርት ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጽፈው፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በየመለዋወጫው ገበያ ይዞሩ ነበር። ነጋዴዎቹ «አቶ ቁጥር» የሚል ስም አወጡላቸው። «አቶ ቁጥር፣ ዛሬም አልወጣልህም?» ይሏቸዋል፣ እንደ ሎተሪ።

እኔም አንድ ቀን፣ «እንደሱ ያለ ሞተር ሞልቷል፤ አንዱን ግዛና ተገላገል» አልኳቸው።

«አማቼ» አሉኝ፤ «መንታ ወንድም ቢኖረኝ ኖሮ ኮርዲ ማናችንን እንዳገባች ግድ አይሰጣትም ነበር?»



በ1998 ኢንዲያና ውስጥ አንድ ሰው ካርቶኑን አነበበና፣ «ይህን ቁጥር አይቼዋለሁ። ጀልባ ውስጥ ነው ያለው» አላቸው። ኖርበርት በዚያው ቀን ሄዱ። ጀልባው አቶ ዋይማን ስትራውድ የሚባሉ ብየዳ ሠራተኛ ንብረት ነበር። ግቢያቸው ውስጥ፣ ተጎታች ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

አቶ ዋይማን፣ «ጀልባው አይሸጥም» አሉ።

«ጀልባውን አይደለም፤ ሞተሩን ነው የፈለግሁት።»

«እርስዎን ሰው መጥቶ ልብዎን ይሽጡልኝ፣ ገላዎን እተውልዎታለሁ ቢልዎ ምን ይሉታል?»

ነገሩ የገባቸው ውለው ሲጨዋወቱ ነው። ጀልባውን አቶ ዋይማን ከልጃቸው ከሮይስ ጋር ነበር የሠሩት። ሮይስ በወጣትነቱ በደም ካንሰር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጀልባው ውኃ ነክቶ አያውቅም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ብቻ አቶ ዋይማን የአትክልት ቱቦ ሰክተው የማቀዝቀዣ ውኃ እየሰጡ ሞተሩን ያስነሱታል። ይሰሙታል። ያጠፉታል።

ኖርበርት፣ «ሲነሳ ይንኳኳል?» ብለው ጠየቁ።

«ይንኳኳል። ሮይስ ግንደ ቆርቁር ይለው ነበር። ልጠግነው ስል እጄን ያዘኝ።»

ኖርበርት በዚያ ቀን ሌላ ነገር አልጠየቁም። በሚያዝያ ግን ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ መጥቶ ሳይሄዱ የቀሩበት ዓመት የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽጡልኝ ይሉ ነበር፤ በኋላ ተዉት። አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባልዲ ደፍተው ተቀመጡ። ሞተሩ ተንኳኳ፤ ከዚያ ድምፁ ጠራ። አንዳቸው ሌላውን አላዩም። ሲጠፋ ተነሥተው መኪና ውስጥ ቋሊማ በዳቦ በሉ።

እንዲህ ሆኖ የመኪናዋ እድሳት አለቀ። ኮፈኑ ሥር ግን ባዶ ነበር። ከሞተሩ ጋር የሚገጠመው ሁሉ፣ ካርቡሬተሩም ሌላውም፣ ዘይት በነካው ወረቀት ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይጠብቅ ነበር። ኖርበርት ከሞት በፊት አንድ ምኞት ነበራቸው። ያን ድምፅ ከዚያች መኪና ውስጥ መስማት ነበር።

በ2022 መጀመሪያ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ጊዜው አጭር መሆኑን ነገሯቸው። በሰኔ ወር አስጠሩኝና፣ «መኪናዋን ለዋይማን አድርስልኝ» አሉኝ። ማርሊስ ተቆጣች። «አባዬ፣ ዕድሜህን የጨረስክባትን ለባዕድ?»

«ሞተሩ ወደ እኛ አይመጣም» አሏት። «ከልጅ ላይ አይነጠቅም። እሷ ትሂድለት። እኔ ባልሰማውም አንድ ላይ ይሁኑ። ዋይማን ግን ውስጡን እንዳይከፍተው ንገሩት። እንደሚንኳኳ ይንኳኳ።»

አንዲት የመኪናዋ ያልሆነች ብሎን የማያልፉ ሰው ናቸው ይህን ያሉት።

በተጎታች ጭኜ፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር ወሰድኳት። አቶ ዋይማን ኮፈኑን ከፍተው ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ አዩ። ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ ብሎኖቹ በየቀዳዳቸው ገብተው ይጠብቃሉ። «ይህ ሰው አልጋ አንጥፎ ነው የቆየው» አሉ። እኔም ተጎታቹን ይዤ ተመለስኩ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አቶ ዋይማን ሞተሩን ከጀልባው አውጥተው ገጥመውላት፣ ራሳቸው እየነዷት መጡ። ኖርበርት ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ነበር። መኪናዋን መስኮታቸው ሥር አቆሟት። ሞተሩ ከመንገድ የመጣ፣ የጋለ ስለነበረ አልተንኳኳም። ኖርበርት፣ «ይደር» አሉ። ትንፋሻቸው በጣም አጥሮ ነበርና ማርሊስ ዛሬውኑ ይሰሙት አለች። «ይደር» አሉ ደግመው። አቶ ዋይማን እኔ ቤት አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበረ። መስኮቱን ከፈትንላቸው። አቶ ዋይማን ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጠቅ ጠቅ አለ። ኖርበርት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጠቅታው ቆሞ ዝቅ ያለው ድምፅ ሲመጣ ገለጡ።

«ጠግነኸው እንዳይሆን ፈርቼ ነበር» አሉ በመስኮቱ።

«ሮይስ ይገድለኛላ!» አሉ አቶ ዋይማን ከታች።

ኖርበርት ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ከማሳው ማዶ ያለውን የቤታችንን በር እያየሁ ነበር።

አቶ ኖርበርት ዊርዝ ጥቅምት 27 ቀን 2022 ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ማርሊስን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እህቶችን እና ወዳጃቸውን አቶ ዋይማን ስትራውድን ትተው ሄደዋል። መኪናዋ እንደ ቃላቸው ከአቶ ዋይማን ዘንድ ትቆያለች። በሚያዝያ ማርሊስ ትሄዳለች።

ለማስተዛዘን ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ከቀብሩ በኋላ በደብሩ አዳራሽ ምሳ አለ። ከዚያ በፊት ግን መቃብር ስፍራው በር ላይ ጥቂት ቁሙ። መኪናዋ ከትናንት ጀምሮ እዚያ ቆማለች፤ አቶ ዋይማን ያስነሷታል። ሞተሩ ስለቀዘቀዘ ይንኳኳል። ማንም ሰው ይጠገን እንዳይል።

ኖርበርት የሚቀበሩት ከኮርዱላ አጠገብ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ የሰላም ዕረፍት ይስጣቸው። እህቴም ትስማ። ጫማዋን ታድርግ።