የሸክላ ማጣሪያዬን ስላስበሱልኝ

ለተከበሩ አቶ ደበሌ
የሰፈራችን የንጹሕ ውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎት፣ በተለይም ሆድዎ ሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ሆድ ግን በእርስዎ ትጋት ሰላም ካጣ ሰንብቷል። እኔ ቅመም ሻጯ ንጋቷ ነኝ፤ ኮሚቴዎ ቤቴን ለማሳያ መርጦ የሸክላ ውኃ ማጣሪያ ያስቀመጠልኝ። ለዚህ ክብር ሳላመሰግን የቆየሁት ከኀፍረት የተነሣ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ማጣሪያውን ያመጡት ባለሙያ፣ ጭቃው ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች እንደሚቀሩ አስረድተውን ነበር። ከቦቴም ሆነ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት ብርካ የተቀዳው ድፍርስ ውኃ በእነዚያ ሰርጎ ታች ወዳለው ባልዲ ሲንጠባጠብ፣ ቆሻሻውና አብዛኛው ጀርም ሸክላው ላይ ይቀራል። ቀስ ማለቱ ሥራው እንደሆነ፣ በጣም ሲዘገይም ያለ ሳሙና በብሩሽ መፈተግ እንደሚበቃ ነገሩን። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙን በመጡበት ጠዋት፣ ጠብታው የኮሚቴውን ስም ያጎድፋል ብለው ድሪል የያዘ ሰው ላኩልኝና የሸክላውን መቀመጫ በሳው። ውኃው እንደ ቧንቧ ወረደ፤ እርስዎም የማጣራት አቅማችን በብዙ እጥፍ ማደጉን ለእንግዶቹ አበሰሩ። ለድፍርሱ ውኃ መንገድ ስለከፈቱለት በውኃው ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ ደሃቦ ልጇን ኢክላስን ይዛ ስትመጣ፣ ቃልዎን አምኜ ከዚያው ባልዲ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ እንዲያውም ኮራሁበት። ልጅቷ በማግሥቱ በተቅማጥ ጤና ጣቢያ ገባች። እግዜር ይመስገን፣ ድናለች። ደሃቦ ስለዚያ ውኃ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። አሁንም ትመጣለች፣ እንጫወታለን፤ ውኃ ሳቀርብላት ግን ጾመኛ ነኝ ትለኛለች። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሙስሊም ጎረቤቶች ስላሉኝ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ማክሰኞም ጾመኛ ሆነች፣ ረቡዕም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ትከሻዋ ላይ ከጣለችው ጋርባሳር ሥር የውኃ ኮዳ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ፤ ማየቴን አየች። ሁለታችንም ስለ ሙቀቱ ማውራት ቀጠልን። ክቡር ሆይ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ውኃዬን የምትፈራ ሴት እኔን ላለማሳፈር ስትል በጾም ትዋሻለች።

ሦስተኛ፦ ሸክላው ይቀየርልኝ ብዬ ባመለክት፣ ቢሮዎ ማጣሪያው ከሚጠበቀው በላይ እየሠራ ስለሆነ መቀየር አያስፈልገውም የሚል መልስ ሰጥቶኛል። እንዲህ ያለ መልስ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ነውር ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጊዜ ሲኖርዎት ደሃቦ ቤት ጎራ ይበሉና ሸክላውን ያስበሳሁት እኔ ነኝ ብለው ይንገሯት። እኔ ብነግራት ሰበብ የምደረድር ይመስልብኛል።

የፍጥነትዎ አድናቂ፣ አንገቷን ደፍታ የምትኖረው ታዛዥዎ
ንጋቷ አሥራት

ተጨማሪ፦ በጉብኝቱ ዕለት ለራስዎ ከመኪና ካስወረዱት የታሸገ ውኃ አንዱ ቤቴ ቀርቶ ነበር። ትናንት ለደሃቦ ሰጠኋት። ክዳኑን ራሷ ከፍታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ እኔም በእርስዎ ውኃ እንግዳዬን አስተናገድኩ።