አክስቴን ለዳሩልኝ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ የጋብቻ ምዝገባ መስኮት ሠራተኛዎ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሰርቨርዎም ማራገቢያ በተደረደረለት ክፍል ውስጥ ከሁላችንም በተሻለ ምቾት እንደሚኖር ስለማውቅ ስለ እሱ ጤና አልጠይቅም። ይህን ደብዳቤ አላፊ አግዳሚው በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ፤ በደንቡ መሠረት በውስጥ መልእክት ልልክልዎ ብሞክር ስሜን ስለቆለፉት መግባት አልቻልኩም።

የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት የተመዘገበውን የአክስቴን ጋብቻ “በእኔ ስም ያለ ፈቃዴ የገባ ነው” ብለው ሊሰርዙት መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ሙሽራው የባቡር ነጂ ናቸው፤ ጓደኞቻቸው ጋሼ ፉጨት ይሏቸዋል። የባቡር ድርጅቱ ቤት የሚሰጠው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላመጣ ብቻ ሲሆን፣ ያን ቀን ማታ የቤቱን ቁልፍ ተረክበው ገብተዋል። መዝገቡ ከተሰረዘ ቁልፉ ይመለሳል፣ አክስቴም መጋረጃዋን ነቅላ ትወጣለች። ስለዚህ እጅዎ ወደ መሰረዣው ከመሄዱ በፊት ቅሬታዬንና ምስጋናዬን አንድ ላይ እንዲሰሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አገባቡ። ይህን በር ላይ ቆሞ የሚያነብ ባለጉዳይ እንዲረዳልን ያህል፣ እኛ ሠራተኞች ሁላችን ከየጠረጴዛችን የምንገባው ወደዚያው ወደ አንዱ ሰርቨርዎ ነው። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ምልክት የለው፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ስም ይጠይቃል፣ ስምዎን ይጽፋሉ። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ሲጽፉ ፊደሉ ቀርቶ አንዲት ነጥብ እንኳ ብቅ አትልም፣ ጣትዎ መጻፉን የሚያውቁት በእምነት ነው። ያን ቀን አክስቴ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሮዝ ቀሚስ ለብሳ፣ ጋሼ ፉጨት የሥራ ልብሳቸውን አስተኩሰው፣ ከመስኮቴ ፊት ተቀምጠዋል። ይህች ሴት እናቴ ስትሞት እኔን ለማሳደግ ስትል የራሷን ትዳር “ይደርሳል” እያለች ያቆየች ናት፤ ታዲያ ከደስታ የተነሣ ጣቴ ፊደል ቢስት ይፈረድብኛል? ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ስሜም ተቆለፈ። መዝገቡን ከመዝጋቢዋ ስለጠበቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ አከፋፈቱ። በፊርማዎ የወጣው መመሪያ “ስሙ የተቆለፈበት ሠራተኛ ወደ ሥርዓቱ ገብቶ በውስጥ መልእክት ያመልክት” ይላል። እኔ የመመሪያው ጥልቀት አልገባኝ ብሎ ለአክስቴ ባነብላት፣ “ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነማ በሩን ማን ሊከፍተው ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎን የሚያህል ባለሙያ ያላሰበበት ነገር እንደማይኖር ነግሬ አረጋጋኋት።

ሦስተኛ፦ ይህ ቅሬታ እንኳ አይደለም። በስልክ ስለምንዎ ከፎቅ ድረስ ወርደው መምጣትዎን ልጅ ወልጄ ለልጄ እነግረዋለሁ። ወንበሬን በመሐረብዎ ጠርገው ተቀመጡ፣ ስምዎን ጻፉ፤ ከዚያም የይለፍ ቃልዎን እንደ ልማድዎ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ ጻፉ። ይህ ልማድዎ ለእኛ አዲስ አይደለም። እርስዎ መጥራት ሲጀምሩ ገንዘብ ያዣችን ያስላል፣ እኔ ወንበር እጎትታለሁ፣ የማኅተም ክፍሏ ሴትዮ መሳቢያዋን ከፍታ ትዘጋለች፤ ያለቃን ገመና መሸፈን ወግ ነው ብለን ስንት ዘመን እንዲሁ ኖረናል። ያን ቀን ግን ሁሉም ዐይኑ ሙሽራዋ ላይ ስለነበር ያሳለ ሰው አልነበረም። ክቡርነትዎ ወደ ሰርቨሩ ገቡ፣ ወጡ፣ “ለእኔ ይሠራል” ብለው ብድግ አሉ፣ ማመልከቻው በደንቡ እስኪመጣም የእኔን ስም እንደማይከፍቱ አስታውቀው ወደ ፎቅ ተመለሱ።

ጋሼ ፉጨት ሰዓታቸውን አዩ። ቁልፉን የሚሰጠው የባቡር ድርጅቱ ቢሮ ሊዘጋ ነበር። በዚህ መካከል፣ በዕድሜዋ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቀው አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “እኚህ ሰውዬ እንዴት ያሉ ደግ ናቸው! ፊት ለፊት እንካችሁ ማለት ቢያፍሩ ጮክ ብለው ነግረውን ሄዱ። በይ ጻፊ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለችኝ። እኔ ያሳደገችኝን ሴት በሠርጓ ቀን እንቢ የምልበት አፍ የለኝም፤ ጻፍኩ። ስክሪኑም “እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ኃላፊ” አለኝ። ከተወለድኩ ክቡር ተብዬ ስለማላውቅ ለአፍታ ያህል ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ጋብቻው ተመዘገበ፣ ወረቀቱ ታተመ፣ ከግርጌውም “መዝጋቢ” በሚለው ቦታ የእርስዎ ስም ወጣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ፣ ጋሼ ፉጨት ያን የታወቁበትን ፉጨት ለቀቁት፣ አክስቴ በተዋሰችው ቀሚስ እጅጌ እንባዋን ጠረገች፣ እኔም እስካሁን ብቻዬን ስሄድ እስቃለሁ።

አራተኛ፦ አራተኛውን ከደስታዬ ብዛት ረስቼዋለሁ። ክቡርነትዎ ካስታወሱት ይሙሉበት።

እንግዲህ በሰው ስም መግባት ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ የሚገባኝን ቅጣት ለእኔ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ። የሙሽሮቹን መዝገብ የሚሰርዙ ከሆነ ግን ከንቲባው “ታዲያ የይለፍ ቃልህን ማን ነገራቸው?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የዚያን ዕለት ደግሞ ገንዘብ ያዡም፣ የማኅተም ክፍሏም፣ ወረፋ ላይ የነበሩት ባለጉዳዮችም እውነቱን ይመሰክራሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የራሱን መመለጥ ባለቤትዎ ሳይነግሩዎት አልቀሩም፣ የአፉን ግን የሚነግርዎ ስለጠፋ እኔ ደፍሬያለሁ። ይልቅስ “አዎ፣ እኔ መዘገብኳቸው” ቢሉ ይሻላል። አክስቴ እንደሆነች ባዲሱ ቤቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የዳሯት እርስዎ እንደሆኑ እየተናገረች ትመርቅዎታለች፤ ምርቃት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ሰርቨርዎ እንዳይሞቅ፣ ድምፅዎም እንዳይሰልል እየጸለይኩ፣

ስሟ እስከዚህች ሰዓት ተቆልፎ ያለው፣
የጋብቻ ምዝገባ መስኮት ሠራተኛዎ

ግልባጭ
ለሙሽሮቹ፣ በአዲሱ ቤታቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት እዚሁ እኛ ክፍል ተቀምጠው የይለፍ ቃልዎን ቀይረዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ከቀድሞው ይሄኛው በጣም ያምራል። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ፊደል ሲጠሩ ግን ገንዘብ ያዡ ስላሳለ አልሰማናትም፤ ሲመችዎ ወርደው አንዴ ቢደግሙልን።