የጠፋው ፍሪሲዮን

ለልጄ ለሀዳነ፤ በሰው አገር የምትገባ የምትወጣበትን ደጅ መድኃኔዓለም ይጠብቅልኝ። እኛ ደኅና ነን። ብቻ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ከቤታችን ሌባ ገብቷል!

አባትህ ከአስመራ በገዛት አሮጌ የጭነት ማኪና ወደ አዲ አርቃይ ስንሄድ፣ ኮሶዬ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አልሄድ አለ። አባትህ ጎንበስ ብሎ ከሾፌራችን ከይባረክ እግር ሥር ቢያይ፣ ያለው ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ብቻ ነው፤ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የለም።

«ይባረክ፣ ፍሪሲዮኑን ለማን ሸጥኸው?»

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ይቺ ከፋብሪካ ስትወጣም የላት። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች።»

«ራሷ ከቀየረች አንተ ምን ልትሠራ ተቀመጥህ?»

ምስኪኑን እዚያው ሊያባርረው ነበር። እኔ እንኳ አልጠረጠርሁትም። (ውሸቷን ነው! የይባረክን ቦርሳ የበረበረችው እማዬ ናት። ጸሐፊዋ እህትህ ይመኙሽ።)

ኋላ ይባረክ የማርሹን ዘይት ቢጨምርባት ሸጋ አድርጋ ወጣችው። ለካ ዘይት ጎድሏት ኖሯል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አባትህ ግን አሁንም አላመነም። ፍሪሲዮን የሌላት ማኪና በእውነት እንዳለች ጻፍለትና ሾፌራችን እንጀራውን ይብላ። የምትረግጠውን ምድር ያለስልስልህ፣ ልጄ። እኔም ቦርሳውን መበርበር እተዋለሁ።

እናትህ እንኳየሁ