የሞተሯ መብራት

ጃክሰንቪል፣ ሰሜን ካሮላይና

ውድ ዌንደል፣

በፖስት ካርዱ ላይ የምታየው የጦር አውሮፕላን ልጄ ኮሪን በመካኒክነት የምትበርበት ነው፤ እንደ ሄሊኮፕተር ተነሥቶ ሞተሮቹን ወደ ፊት ያጋድምና ተራ አውሮፕላን ይሆናል። አንዱ ሞተር ቢቆም ሌላው በመሐል በሚያገናኛቸው ዘንግ ሁለቱንም ፕሮፔለሮች ያሽከረክራል፤ አንዱ መምህር ሲቀር ሌላው የሁለቱን የሚያስተምርበትን የእኛን ትምህርት ክፍል አስታወሰኝ።

“የማርሹ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ከገባ መብራት ይበራል፤ እናርፋለን” አለችኝ።

“አለቃሽ ‘ምንም አይደለም፣ ቀጥይ’ ቢልሽስ?”

“ኧረ አባዬ!” ብላ ሳቀች። ሳቅ መልስ አይሆነኝም።

ለእራት ልንሄድ መኪናዬን ሳስነሣ ግን በሩን ከፍታ ሳትገባ ቆመች።

“ይቺ የሞተር መብራት ከመቼ ወዲህ ነው የበራችው?”

“ከቤት ስነሣ ጀምሮ። ምንም አይደለም፣ ግቢ።”

“አልገባም!”

በዝናብ በእግራችን ሄድን። እንደዚያ ደስ ብሎኝ በስብሼ አላውቅም። ለባለቤትህ ለሎይስ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ መኪናዬ ሳትጠገን እንዳልመለስ ታዝዣለሁ።

ግሬዲ