ወተቱ ሳይነጥፍ

ማክሰኞ
ጡቴ ጠጥሮ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ እንደምንም ጨርሼ ወደ ቤተ ሙከራው ዕቃ ክፍል ገባሁ፤ በሩን ቆልፌ ብርጭቆ ውስጥ አለብኩ። የወጣው ትንሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚህ ይበልጥ ነበር። መድፋቱ አንጀቴን ይበላዋል፤ ግን ምን ላድርገው? ከመስኮቱ ሥር ያለችው የቡና ችግኝ ጠጣችው።

ልጄ ሶሲ ጅማ ናት፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ እናቴ ጋ። ገና ዓመት አልሞላትም። ሠራተኛዬ ድንገት ጥላኝ ስትሄድ ሌላ እስካገኝ ብዬ ነበር የወሰድኳት። እማዬ ግን በዚያው ጡት ላስጥላት አለች። “አንቺን እያየች አትተውም። እስክትረሳው አትምጪ። አንቺንስ አያትሽ ጋ ልኬ አይደል ያስጣልኩሽ?” እሺ ብዬ ተመለስኩ። ይኸው ሊሙ ገነት ቁጭ ብዬ የሰው ልጅ አስተምራለሁ።

እሷ ትርሳው እሺ። እኔስ?

ለነገ ሙከራ፦ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሎሚ። ወተት ከጎረቤቴ ከእማማ ዘይነባ።

ረቡዕ
ውሃና የሕይወት ሞለኪውሎች። ጨውና ስኳሩ ውሃው ውስጥ ሟሙ፤ ዘይቱ እንደ ኩሩ እንግዳ ከላይ ቀረ። ፈይሰል እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ ዘይትና ውሃ አይስማሙም ካሉን፣ ወተት ውስጥ ቅቤው እንዴት ከውሃው ጋር ይኖራል?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስሰማ ደሞዜን እረሳለሁ። ወተት አብዛኛው ውሃ ነው አልኳቸው፤ ስኳሩ ሟሙቶበታል። ቅባቱ ግን ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ነው ያለው፤ ፕሮቲን ዙሪያውን ከቦ ይይዘዋል። ሎሚ ስንጨምርበት ፕሮቲኑ ተጓጎለ። ግማሹ ክፍል “አይብ!” ግማሹ “ኢቲቱ፣ የረጋ ወተት ነው!” እያለ ተጨቃጨቀ፤ እኔም ሳቄ መጣ።

ያኔ በአጥሩ በኩል ወደ ገበያ የምታልፍ ሴት ያዘለችው ሕፃን አለቀሰ። ደረቴ ሲረጥብ ተሰማኝ። ነጩን ጋውን ባልለብስ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ፣ የጻፍኩትን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት።

የተረፈውን ወተት እኛ ጾመኞቹ አየነው፤ ፈይሰልና ጓደኞቹ “ቢስሚላህ” ብለው ጨረሱት።

ሐሙስ
ያልታለበ ወተት እዚያው ሲቆይ፣ በውስጡ ያለው ነገር ራሱ “በቃ፣ አታምርቱ” የሚል መልእክት ለሰውነት ይሰጣል። ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ነው እየተደበቅሁ የማልበው። ሰው ቢሰማ ያብዳል፤ “ልጅሽን እያስጣልሽ ታልቢያለሽ?” ይለኛል። አዎ፣ አልባለሁ። መንጠፉን አልፈልግም። ከነጠፈ እኔና እሷን የሚያገናኘን ምን ቀረ?

አባቷ ከአሰንዳቦ ደወለ፤ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እየወጣ ነው። “እናትሽ ያውቃሉ፣ ዝም በያቸው” አለኝ። ለሱ ቀላል ነው።

ማታ በቪዲዮ አየኋት። ስልኩን ልትነክስ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። “አየሽ? ረስታዋለች!” አለች እማዬ፣ ደስ ብሏት። ኔትወርኩ ጠፋ። እሰይ አልኩ፣ ፊቴን አላየችውም።

ዓርብ
የነገውን የማጠናከሪያ ትምህርት ቲቸር ጫልቱ ያዘችልኝ። “ዴሚ፣ ልጅሽን እዪ” አለችኝ፤ “ዴሚ” በኦሮምኛ ሂጂ ማለቷ ነው። ለእማዬ አልደወልኩም። ዛሬ ባለብኩት የብርጭቆው ቂጥ እንኳ በቅጡ አልተሸፈነም።

ቅዳሜ
በመጀመሪያው መኪና ጅማ ገባሁ። ሶሲ በረንዳው ላይ እማዬ ዕቅፍ ውስጥ ነበረች። አየችኝና የእማዬ ትከሻ ውስጥ ተሸጎጠች። ልጄ እኔን ፈራች! ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እማዬ አልተቆጣችም። ከተቆጣችኝ ይሻል ነበር። እሬት በትንሽ ሲኒ በጥብጣ አመጣች። “እንግዲህ መጥተሻል። ከፈለገችሽ ይምረራትና ለአንዴ ትቁረጥ። ተቀቢው።” ተቀባሁት። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ሶሲ ስታለቅስ ሌሊቱን እንቅልፏን ያጣችው እሷ ናት።

ከሰዓት ሶሲ ከእንቅልፏ ነቅታ ተንፏቃ መጣች። ጉልበቴን ይዛ ቆመች፣ አሸተተችኝ፣ ቀሚሴን ጎተተች። ጎረሰች። ፊቷ ሁሉ ተጨማደደ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ለቀቀች። አለቀ አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ፣ መልሳ ጎረሰች።

እማዬ ቆማ እያየች ነበር። ሲኒውን አንስታ ወጣች። ስትመለስ ለብ ያለ ውሃ በጣሳና ንጹሕ ጨርቅ ይዛለች።

“እጠቢላት” አለች። “ልጅቷን አታስመርሪያት።”

እሑድ
ወደ ጅማ ዝውውር የለም፤ ሠራተኛም አላገኘሁም። ሶሲን ትቼ ተሳፈርኩ። እማዬ በመስኮቱ በኩል “ቅዳሜ ማልደሽ ነይ፣ ትጠብቅሻለች” አለችኝ። እሷው ናት አትምጪ ያለችው።

መንገዱ ሳይጋመስ ቀሚሴ ረጠበ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩትና ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቄ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው አብረውኝ ሳቁ።