ደህና እግሩን ያሰረው መንገደኛ

ሰኞ

ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። ለአዲሱ ክልል ጽሕፈት ቤት ሥዕል ተፈልጎ፣ ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥለው የሚሄዱትን የጉሙዝ ሴቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ የሳልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ተሰቅሎ ሳየው ከሥሩ ያለው ስም የትምህርት ቤታችን ምክትል ዲሬክተር የአቶ ደምስ ነው። ሰው ሁሉ እጁን ይጨብጠዋል። እኔም ጨበጥኩት፤ እሱ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱታ አያገኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ማክሰኞ

ዛሬ ያስተማርኩት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለነበረው የአውሮፓ ባሮክ ዘመን የሥዕል ህትመት ነበር። ከደሴ ይዤው የመጣሁት መጽሐፍ በመንገደኞች የተሞላ ነው። ባርኔጣው የተቦጫጨቀ፣ ልጇን አዝላ የምትሄድ፣ ከጦርነት ተርፎ በምርኩዝ የሚያዘግም። ሠዓሊዎቹ መዳብ ላይ ጭረው ወረቀት ላይ ያተሟቸው ናቸው። አብዛኞቹ ያሳዝናሉ። አንዱ ግን ደህና እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አንካሳ መስሎ ይለምናል። ሳየው አቶ ደምስ መጣብኝ።

ዓርብ የትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ነው። የሚያስፈልገኝ፦ የዋንዛ ሳንቃ፣ ትንሽ መሮ፣ ምላጭ፣ ከማባዣ ክፍል ጥቁር ቀለም፣ ማንኪያ።

ረቡዕ

ስቀርጽ ዋልኩ። ምርኩዙን፣ የታሰረውን እግር፣ ከዚያ ፊቱን። ረጅም አገጩን፣ ግራ ጉንጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። አውራ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ግድ የለኝም። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሲስቅበት እያየሁ ነው የምቀርጸው።

ሐሙስ

ሳንቃውን ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ አሽቼ አነሳሁት። ክፍሉን የምታጸዳው ሃዋ፣ የቤርታ ልጅ ናት፣ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች።

«ወላሂ፣ ጋሽ ይመር ነው! ግን እግሩ ደህና ነው እኮ። ለምን አሰርሽው?»

ደነገጥኩ። ወረቀቱ ላይ ጠባሳው የወጣው ቀኝ ጉንጭ ላይ ነው። ህትመት ግራን ቀኝ ያደርጋል፤ ለተማሪዎቼ በየሳምንቱ የምለፈልፈው እኔ በንዴት ረሳሁት። ጋሽ ይመር የበር ጠባቂያችን ናቸው፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ። እሳቸውም አገጫቸው ረጅም ነው። ጠባሳቸው በቀኝ ነው።

ሌላ ለመቅረጽ ጊዜ የለም። ደምስ ራሱን ያውቀዋል፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ ብዬ ሰቀልኩት።

ዓርብ

ደምስ ራሱን አላወቀም። ፊት ለፊቱ ቆሞ ከት ብሎ ሳቀ። «ይመርን ቁጭ አደረግሽው» አለኝ። መምህራኑም ሳቁ።

ጋሽ ይመር ሰው ሲቀንስ ገቡ። ብዙ አዩት።

«በመኪና ጭነው እዚህ ያራገፉን ቀን እንኳ አልለመንኩም፣ ልጄ» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የተወሰደብኝን ሥዕል፣ ለማን እንደቀረጽኩት፣ ጠባሳው እንዴት እንደዞረ።

«ታዲያ ፊቱ የሱ፣ ውርደቱ የኔ ሆነ ማለት ነው?» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ቅዳሜ

ጠዋት የመምህራን ስብሰባ ነበር። ህትመቱን ከግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ይኼ ጋሽ ይመር አይደሉም። እርስዎ ነዎት፣ አቶ ደምስ። ሥዕሌን ወስደው ስምዎን ስለጻፉበት ነው የቀረጽኩዎት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። የደምስ እጅ ወደ ግራ ጉንጩ ሄደ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሰኞ ቢሮው እንድመጣ ነገረኝ። ለቅጣት ሩቅ ገጠር፣ ቡለን ሊልከኝ ይችላል። ይላከኝ።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ስወጣ ጋሽ ይመርን በሩ ላይ አገኘኋቸውና በሰው ሁሉ ፊት እንደተናገርኩ ነገርኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ። በሩን ከፈቱልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን «አብሽሪ፣ ደህና ዋይ» ይሉኝ ነበር።